ዳዋ ያልወረሰው ደጅ

በእኛ አገር ክፉ ከሚባሉት ርግማኖች አንዱ «ደጅሽን ዳዋ ይውረሰው» የሚለው ነው። ቤትሽን የሚጠርግ፣ በርሽን የሚከፍት ሰው አይትረፍ፣ አረም ይብቀልበት ማለት ነው። እናቴን ከጠየቃችኋት ደግሞ እኔ ይህን ርግማን ማንም ሳይረግመኝ፣ በገዛ እጄ ቆፍሬ፣ ፍግ አልብሼ፣ ውሃ እያጠጣሁ ደጃችን ላይ ተከልኩት። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ትለኝ ነበር። በዚሁ ነገር ሁለት ክረምት ተጨቃጨቅን።

ቤታችን ደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። አባቴ ሠርቶት ሳይጠግበው ሞተ። ከበረንዳው እስከ መንገዱ ድረስ ሰፋ ያለ ባዶ መሬት አለ፤ እናቴ ከተዳረችበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስትጠርገው ኖራለች። አንዲት ሣር ብቅ ካለች በጥፍሯ ትነቅላታለች። እኔም እኅት ወንድም ሳይኖረኝ፣ በዚያ መጥረጊያ ድምፅ እየነቃሁ አደግሁ። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው ያንን ልቅም ያለ ቀይ አፈር ነው፤ የእናቴ ሙያም የሚመሰገነው በሱ ነበር።

ከዐረብ አገር ስመለስ ሠፈሩ ከእኔ የጠበቀው ሱቅ ወይም የሴቶች ፀጉር ቤት ነበር። እኔ ዶማ ገዛሁ።

ምክንያቱን ለሰው ማስረዳት አልሆነልኝም፤ እዚህ ልሞክር። እዚያ የሠራሁበት ቤት ግቢው ሣር ነበር። በዚያ እሳት በሆነ ምድር ሣር! ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፤ ረፋድ ላይ ደርቆ ይጠብቀኛል። ከግቢው ጥግ ግን ማንም ያልተከለው፣ ማንም የማያጠጣው የበረሃ ቁጥቋጦ ነበር። የእመቤቴ እናት፣ በጣም ያረጁ ሴት ነበሩ፣ ወንበራቸውን ከሣሩ ላይ አስነሥተው እዚያ ጭራሮ አጠገብ ያስቀምጡና ቅጠሉን በጣታቸው እያሹ ያሸቱታል። የተወለዱበት ምድር ቅጠል ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ወንበራቸውን ሳስተካክል እጄ ቅጠሉን ነካና ሸተተኝ፤ ጦስኝ አይደለም፣ ጦስኝን ግን አስታወሰኝ። የእኛ ቤት በርበሬ፣ የጉና ተራራ ነፋስ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጊቷም ምንም ሳይጠይቁ አንዲት ቀንበጥ ቆርጠው ሰጡኝ። አገሬ ስገባ ደጄን በአገሬ ቅጠል እሞላዋለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ስመለስ ያየሁት ደግሞ አናደደኝ። ኮረብታው ባሕር ዛፍ፣ ሆቴሉ የፕላስቲክ አበባ፣ የሰው አጥር ሁሉ የፈረንጅ ጽድ። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ የፈረንጅ ጽዳቸውን በመቀስ እየከረከሙ ቀጥ አድርገው አሰልፈውታል። ከሰልፍ የወጣች ቅጠል ካለች ወዲያው ትቀጣለች።

እኔ በሰንሰል ጀመርኩ፤ እሱ እንጨቱን ሰክተሽ ብትረሺውም ይበቅላል። ቀጋውን ከጋፋት መንገድ ዳር እየተቧጨርኩ አመጣሁ። ከሴና አሪቲ ከሰው ጓሮ ለመንኩ፤ መድኃኒት ነውና ማንም አልነፈገኝም። የደጋ ቁጥቋጦዎቹን አምጃና አስታን ያገኘሁት ጉና ሥር፣ መንገድ ሲሠራ ከተቆረሰ አፋፍ ላይ ሊወድቁ ተንጠልጥለው ነው። ጦስኙንም ከዚያው ከነአፈሩ በጆንያ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ አየና «እታለም፣ ለአፈርም ይከፈላል» አለኝ። ከፈልኩ። ቤት ስደርስ እናቴ ጆንያውን ዞራ አየችው።

«አረም በመኪና አሳፍሮ የሚመጣ ሰው ካንች በቀር አላየሁም» አለች።

ወይራ ደግሞ አማረኝ። ደህና ወይራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እንኳን ችግኝ ጭራሮ ተለቅሞ ወደ ቤት አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ነገር እሳት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ቢጨንቀኝ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ከሥሩ የወደቀውን ፍሬ ብለቅምስ?»

«ቅጥር ውስጥ ያለው የታቦቱ ነው፤ እንዳትነኪ» አሉ። ጥቂት እንደሄድኩ ደግሞ መልሰው ጠሩኝ። «ወፍ ግን ቅጥር አያውቅም። ከግንቡ ወዲያ ማዶ የጣለውን ሂጂና እስቲ እዪው።»

እውነትም ከግንቡ ውጭ፣ ድንጋይ ለድንጋይ መካከል፣ ወፍ የዘራቸው ቡቃያዎች ነበሩ። አንዲቷን ከነአፈሯ አወጣኋት። እናቴ ደጁ ላይ ከተከልኩት ሁሉ ነገር ያልተናገረችው በዚህች ብቻ ነው፤ ስተክላት አጠገቤ ቆማ አማተበች።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ደጃችን ሌላ ሆነ። አምጃው ቢጫ አበባውን አወጣ። ቀጋው መንገዱ ላይ ተንጠራርቶ የመንገደኛ ነጠላ ይይዛል። ጦስኙ ድንጋይ ድንጋዩን አለበሰ። አደዩን ዘሩን ብበትነው ከጠበቅሁት በላይ ወጣና እስከ በረንዳው ደረሰ። እንቧጮም ሳይጠራ በራሱ መጣ፤ አላባረርኩትም። ንቡ፣ ወፉ፣ አልፎ አልፎም የሰው ፍየል ይገባል። እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤታችን አንድ ጠዋት መቀሳቸውን እንደያዙ መንገዱን ተሻግረው መጡና ከእንቧጮው ፊት ቆሙ።

«ዛፍ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል አሉ። መቼ ነው ቅቤ የምትቀቡት?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። የሚጠረግ ነገር ስላልተረፈላት ጠዋት ጠዋት የምትሆነው ይጠፋት ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ አጉል ክርክር ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ እግላለሁ። ከሰው ጋር ጨዋ ነኝ፣ ከእናቴ ጋር ሲሆን ግን አፌ አያርፍም። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የምትለኝ ለዚህ ነው፤ ቀጋውን ከተከልኩ ወዲህ ደግሞ ጣቷን ወደሱ እየቀሰረች ነው የምትለኝ።

አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠስን ሳለ ዋናውን ነገር አወጣችው።

«አንች ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ዛሬ ነገ ሳልል አልፋለሁ። ይሄን ደጅ ያየ ሰው ምን ይላል? ዘራቸው አለቀ፣ ዳዋ ወረሳቸው ይላል። ውሸት ቢሆን ባልከፋኝ።»

ጎመኑን ትቼ ወጣሁ። እኔ የተከልኩት አገሬ ውስጥ ልቀመጥ ብዬ ነው፤ እሷ ደግሞ የምታየው የእኔን መጥፋት ነው። አንድ ደጅ ላይ ቆመን ለየብቻችን ሌላ ሌላ ነገር እናያለን።

በዚያው ሰሞን እዚያ አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ደወለች። የድሮ እመቤቴ ሰው ትፈልጋለች፣ ቦታው ላንቺ ነው፣ መልስሽን ኅዳር ውስጥ ስጪኝ አለችኝ። ለእናቴ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የነገርኳትም በቁጣ ነው። «ደጁን ከነቀልሽው እኔም እሄዳለሁ» አልኳት። ጉዳዩ እንግዲህ እዚህ ላይ ቆመ። ደጁ ካለ አለሁ፤ ደጁ ከሌለ እዚህ ቤት ውስጥ ባል እየጠበቅሁ መጥረጊያ ማንሣት አልችልም፣ ተመልሼ የሰው ሣር ባጠጣ ይሻለኛል። ይህን ስል ከልቤ ነበር፣ ማስፈራራት አልነበረም።

እናቴ የማርያም ማኅበር አላት። ወር በገባ በሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ በየተራ በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ያን ዓመት የእናቴ ተራ ኅዳር ላይ ዋለ። ኅዳር ማርያም ትልቅ በዓል ነው፣ ጾምም ስለሆነ ድግሱ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ጠላ ነው። እናቴ ገና ከጥቅምት ጀምራ ትጨነቅ ነበር፤ ስለ ጠላው አይደለም፣ ስለ ደጁ ነው። «ማኅበርተኛ ቀሚሱን በሾህ እያስያዘ ሊገባ ነው?» ትላለች። መተላለፊያውን እከፍትልሻለሁ ብዬ ቀጋውን በገመድ ወዲያና ወዲህ አሰርኩት። ዝም ስላለች የተስማማች መሰለኝ።

በበዓሉ ዋዜማ አንበሳሜ ካለችው አክስቴ ዘንድ ተልባና ኑግ እንዳመጣ ላከችኝ። ማልጄ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ከመንገዱ ገና ስታጠፍ አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ ቤታችን ራቁቱን ቆሟል። አምጃው የለም። ቀጋው የለም። በምትኩ ያ የድሮው ቀይ አፈር ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ክንድ የማያህሉ ጉቶዎች ብቻ እዚህም እዚያም ተሰክተዋል። ከሁሉ የተረፈችው የወፏ ወይራ ብቻ ናት። በዙሪያዋ ሰው እንዳይረግጣት ድንጋይ ተቀምጦላታል።

ተልባውን መሬት ላይ ጣልኩት። ቤት ስገባ ደግሞ ደጄ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ለድግስ ቀን ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ እናቴ ቄጠማ መግዛቱን ትታ የእኔን ጦስኝ፣ የእኔን ከሴ፣ የእኔን አሪቲና አምጃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጎዝጉዛዋለች። እሷ ጥግ ላይ ተንበርክካ ዳር ዳሩን ታስተካክላለች። ማጭዱ አጠገቧ ነው፤ እጇ በቀጋ ተቧጭሮ ደም ቋጥሯል።

«ምን አረግሽ?» አልኩ።

«አልነቀልኩም» አለች። «አትንቀይ አልሽኝ፣ አልነቀልኩም። አጨድኩት።»

ያወጣሁትን ቃል ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ጮኽኩ፣ አለቀስኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። ከዚያም በረንዳው ላይ ወጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩና «መጥቻለሁ በያት» አልኳት። እናቴ በመስኮቱ እየሰማች ነው። ስልኩን ስዘጋ የተናገረችው «ነገ እንግዳ አለብኝ» ብቻ ነው።

በማግሥቱ ማኅበርተኞቹ ቅዳሴ አስቀድሰው መጡ። እኔ ለእናቴ ክብር ስል ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፊቴን አኮማትሬ፣ በር ላይ እጅ አስታጥባለሁ። የነፍስ አባታችን ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው በማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ የሆኑት እማሆይ፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አንድ እግራቸውን አስገቡና ቆሙ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ተደራርበው ቀሩ።

«ምነው እማሆይ፣ አመመዎት?» አለች እናቴ ደንግጣ።

ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡና ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ከእግራቸው ሥር አንዲት ጭብጥ ጦስኝ አንሥተው በሁለት እጃቸው አሹት፣ ከዚያም ፊታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ቀበሩት። ቀና ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይሄ የጉና ነው» አሉ። «እኔኮ ጉና ሥር ነው የተወለድኩ። በልጅነቴ ድረው በበቅሎ አመጡኝ። እናቴ በርበሬዋን በዚህ ነበር የምትደልዘው፤ ቀሚሷ ይሄን ይሸታል። ጦስኝ ከገበያ እገዛለሁ፣ ደርቆ ይመጣል። እርጥቡ ግን ከናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ይኸው ዛሬ ሸተተኝ።»

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ያሰኛቸው? አንዷ ከሴውን አነሣችና ምች ለመታው ልጇ ልትወስድ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ሌላዋ አሪቲውን አነሣች። ሁለት ሴቶች አምጃውን ይዘው፣ አንዷ «ለቁስል ነው» ስትል ሌላዋ «የለም፣ ለአጥር ነው» እያለች ተጣሉበት። የእያንዳንዷ እናት፣ አክስት፣ የአገሯ ጓሮ ተነሣ። በየረገጡት ቁጥር ቤቱ እየሸተተ ሄደ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ሲጠብቁ ቆዩና «እናንተ፣ ጸሎቱን እንጀምር ወይስ ቅጠሉን እንጨርስ?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ከትናንት ወዲህ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፣ ሳልወድ።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲቀዳ እማሆይ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማን ነው ከጉና ድረስ ያመጣልሽ?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ደጅ ላይ በቅሎ ነው፣ እማሆይ» አለች።

ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ ዋንጫው ሞልቶ እጄ ላይ ፈሰሰ። በቅሎ ነው! በጆንያ ተሸክሜ፣ ለአፈሩ ከፍዬ፣ በበጋ ከቧንቧ በባልዲ እየቀዳሁ፣ በቅሎ ነው! እንግዳ ባይኖር ምን እንደምል አላውቅም።

«በቅሎ?» አሉ እማሆይ። «ጦስኝ ከጉና ተነሥቶ በእግሩ መጣ?» ሴቶቹ ሳቁ። የእናቴ ጆሮ ቀላ።

ማኅበሩ ሲበተን እማሆይ የበቀለበትን ቦታ አሳዩኝ ብለው ወጡ። እናቴ ከኋላቸው፣ እኔ ከእናቴ ኋላ። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ማን ነው ያጨደው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

«ምነዋ?»

«ዳዋ መሰለብኝ፣ እማሆይ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም እንግዲህ…» አልጨረሰችውም። እናቴ ሰው ፊት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ የሞተ ቀን እንኳ በሥርዓት ነው ያለቀሰችው። ያን ጊዜ ቁጣዬ ከዳኝ፤ ይዤው ልቆይ ብልም እምቢ አለኝ።

እማሆይ ከአንዱ ጉቶ አጠገብ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆዩ። «ዳዋ አላየሽም» አሉ። «ባለፈው ዓመት የናቴን ቤት ቦታ አየዋለሁ ብዬ ሄጄ ነበር። አንድ ሰው የለበትም። ጦስኙም የለበትም፤ ባሕር ዛፍ ነው። የማን ደጅ እንደነበረ የሚነግርሽ ጠፋ። ዳዋ ማለት እሱ ነው።» ከዚያ ወደ ጉቶው ጠቆሙ። «ይሄ ሥር አለው። ያቆጠቆጠ ቀን አንዲት ጭብጥ ላኪልኝ።»

እናቴ «እልካለሁ» አለች። እኔ ግን ለጓደኛዬ መጥቻለሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ፓስፖርቴን ከሣጥን አወጣሁ።

ከበዓሉ በኋላ ውርጭ ወረደ። የደብረ ታቦር የኅዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም፣ ባቄላ እንደ ፈላ ውሃ ይለበልባል። ጉቶዎቹን አንድ ውርጭ ቢመታቸው አበቃላቸው። እኔ እንግዲህ ምን ቸገረኝ ብዬ፣ ላለማሰብ እየታገልኩ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ ግን እናቴ ቀድማኛለች። እያንዳንዱ ጉቶ ላይ የጤፍ ጭድ ተደርጎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በላዩ ጠጠር ተቀምጦበታል። ማን እንደነገራት እንጃ። እሷ መጨረሻው ጉቶ ዘንድ አጎንብሳለች። አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። የቀጋውን ጉቶ ስታለብስ «አይዞህ» ስትለው ሰማሁ። ያንን የቀጋ ጉቶ! ወደ ቤት ተመልሼ ለጓደኛዬ ደወልኩና «ቀርቻለሁ» አልኳት።

«አብደሻል? ለማን ብለሽ?» አለችኝ።

«ለጉቶ» አልኳት። ተቆጥታ ዘጋችብኝ። ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በጋው ረዘመ። እውነቱን ልናገር፣ ብዙ ጊዜ ተጸጽቻለሁ። ጥር ሙሉ፣ የካቲት ሙሉ ጉቶው ጉቶ ነው። ሁለቱንም ያጣሁ መሰለኝ፤ ሥራውንም ደጁንም። እናቴ የዕቃ እጣቢውን ድሮ ጓሮ ነበር የምትደፋው፤ አሁን በየተራ ጉቶዎቹ ሥር ታፈሳለች፣ ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ ስትረሳም እኔን ትጠይቀኛለች። ስለ ደጁ እንዲህ ካልሆነ በቀር አናወራም። ጠዋት ጠዋት እኩል እንወጣና እያንዳንዷን ጉቶ ጎንበስ ብለን እናያለን፤ ጎረቤታችን ከወዲያ ማዶ «ሬሳ ታያላችሁ ወይ?» ይሉናል።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጣል ሲያደርግ ቀዳሚው ቀጋ ሆነ። ከጉቶው ጎን ቀይ ጫፍ ያላት ነገር ብቅ አለች። እናቴ ናት ያየቻት፤ ጩኸቷን ሰምቼ እባብ የነደፋት መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያ ሰንሰሉ፣ ከዚያ ከሴው፣ ግንቦት ሲገባ አምጃው። አሪቲውማ ከበፊቱ ይልቅ በዛ። አስታው ሞተ፤ ብንጠብቀው ብንጠብቀው አልተነሣም። ጦስኙም ግማሹ ነው የተረፈው። ለተረፈው እናቴ ድንጋይ በድንጋይ ደረጃ ሠራችለት፣ በተራራው እንደለመደው። ሰኔ ላይ ለእማሆይ የተባለችው አንዲት ጭብጥ ከነሥሯ በጣሳ ተተክላ ሄደች። ያደረሰቻት እናቴ ራሷ ናት፣ ለእኔ አልሰጠችኝም። ተመልሳ ስትመጣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተራ እንደያዘ ነገረችኝ፤ ከሴ የምትፈልግ፣ ቀጋ የምትፈልግ። ጎረቤታችንም ቀጋ ፈልገው መጥተዋል፤ ለፍየል መከልከያ ብቻ ነው ይላሉ።

ክረምቱ ሲጋመስ ደጁ ከቀድሞው በለጠ። ማጭድ እንደዚህ እንደሚያጠነክረው አላውቅም ነበር። የተቆረጠው ሁሉ በአንዱ ፋንታ ሦስት አራት ሆኖ ወጣ፤ ወይራዋም ቁመቷ ጉልበቴን አለፈ። እናቴ መጥረጊያዋን አልጣለችም። በቅጠሉ መካከል የእግር መንገድ የምታህል ጠባብ መተላለፊያ አውጥታ እሷን ጠዋት ጠዋት ትጠርጋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ችግኝ በፌስታል እየሞላሁ ነው። እናቴ አምጃው ሥር ተቀምጣ ትኮተኩታለች፤ ከመንገዱ አትታይም። የጥንቱን የመድፍ መሥሪያ ጋፋትን ለማየት የመጡ ይመስለኛል፣ የአገሩ ሰዎች ያልሆኑ ወጣቶች እያወሩ መጡና ሰንሰሉ አጠገብ ቆሙ። አንዷ ልጅ አንገቷን አሰገገች።

«ይሄ ቤት ሰው ያለበት አይመስለኝም» አለች። «ዳዋ ውጦታል።»

እናቴን አየኋት። ኩትኳቶዋን አቆመች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ከአምጃው መካከል እስከ ወገቧ ብቅ አለች። ልጅቷ ደንግጣ ወደኋላ አለች።

«ኧረግ! ዳዋ አይዶለም፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «ተተክሎ ነው። የተከለችው ልጄ ናት፤ ያችውልሽ። ግቡ፣ ሰው አለ።»